ሴቶች በሞርሞን የእሑድ አምልኮ

በተለምዶ «ሞርሞን» በምትባለው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፣ በእሑድ አምልኮ ደመወዝ የሚከፈለው ሰባኪ የለም። ትምህርቱን የሚሰጡት ምእመናን ናቸው፤ ሴቶችም እንደ ወንዶቹ ከመድረክ ያስተምራሉ፣ ይጸልያሉ። ኅብስቱንና ውሃውን መባረክ ግን የክህነት ሥራ ነው፤ ክህነትም ለወንዶች ብቻ ይሰጣል። የ12 ዓመት ልጅ ኅብስቱን ሲያድል እናቱ ከመቀመጫዋ ትቀበላለች።

ጸሎቱም ቢሆን ሁልጊዜ ለሴቶች የተፈቀደ አልነበረም። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ አምልኮ ላይ መጸለይ ለክህነት ባለቤቶች ብቻ ተወስኖ ነበር። በ1978 መሪዎቹ ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚከለክል ነገር እንደሌለ ገልጸው ገደቡን አነሡ፤ በመመሪያ የመጣው በመመሪያ ሄደ። በዓለም አቀፉ ጠቅላላ ጉባኤ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ የጸለየችው ግን በ2013 ነው። በ2019 ሴቶች ለጥምቀት ምስክር እንዲሆኑ ተፈቀደ።

ክህነቱ ከዚህ ይከብዳል። ለሴቶች ክህነት እንዲሰጥ የሚጠይቀውን እንቅስቃሴ ከመሠረቱት አንዷ ኬት ኬሊ በ2014 ከአባልነት ተወግዳለች። በሥርዓቱ ቅር የማይሰኙ ብዙ ሴት አባላት በበኩላቸው በ1842 የተመሠረተውን የሴቶች መረዳጃ ማኅበር ይጠቅሳሉ። ከዚያው ሥር የወጣችው የክርስቶስ ማኅበረሰብ ቤተ ክርስቲያን በ1984 የሴቶችን ክህነት ተቀብላለች።