የአያቴ ዋንጫ

አያቴ ሳጥናቸው ውስጥ፣ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው ያኖሩት የአውራሪስ ቀንድ ዋንጫ ነበራቸው። ጠቆር ያለ፣ አፉ ላይ ሰንጠቅ ያለ። «መርዝ ከገባበት ጠጁ ይፈላል» ይሉኝ ነበር፤ የድሮ መኳንንትም ይህንኑ ያምኑ ነበር። ቀንዱ ግን እንደ ጥፍራችን ኬራቲን ከሚባል ነገር የተሠራ ነው። ቻይናውያን ሐኪሞች ለዘመናት እየፈጩ ለትኩሳት አዘዙት፤ መንግሥታቸው የከለከለው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። የመናውያን ደግሞ ለጩቤ እጀታ ፈለጉት። በ1970 እ.ኤ.አ. 65,000 ገደማ የነበረው የአፍሪካ ጥቁር አውራሪስ ለቀንዱ ሲባል እየታደነ በ1995 ከ2,500 በታች ወረደ።

ዋንጫውን ስንት ጊዜ በእጄ ይዣለሁ! እንስሳውን አይተውት እንደሆነ ግን አያቴን አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም፤ ይህ ይቆጨኛል። ዛሬ አውራሪስ ከኢትዮጵያ ዱር ጠፍቷል።