የአገው ፈረሰኞችና የልብ ብርታት

በ1932 ዓ.ም. በአዊ የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር፣ በዓድዋና በአምስቱ ዓመት ተጋድሎ የዘመቱ አባቶችንና ፈረሶቻቸውን ለመዘከር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር፣ ባጌጠ ኮርቻ የተቀመጡ ሽማግሌዎችም ከወጣቶች ጋር ይሰለፋሉ። ጉግስ፣ ማለትም ፈረሰኞች እየተሳደዱ ዘንግ የሚወራወሩበትና በጋሻ የሚመክቱበት ጨዋታ፣ ለጥቂት ጊዜ በብርቱ ካስጋለበ በኋላ ፈረሱንም ጋላቢውንም በእርምጃ ያሳርፋል። ይህ አካሄድ፣ ጀርመናዊው አሠልጣኝ ቮልድማር ጌርሽለር በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ካዳበረው የኢንተርቫል ልምምድ፣ ይኸውም ብርቱ ጥረትን ከአጭር ፋታ ጋር እያፈራረቁ ልብን ከማጠንከር ዘዴ ጋር ይቀራረባል፤ እርግጥ ነው፣ የድካሙ ብዙ ድርሻ የፈረሱ ነው። ያም ሆኖ በግልቢያ ላይ ሚዛን መጠበቅ የጋላቢውን ጭንና ወገብ ያሠራል፣ ትንፋሹንም ያፋጥናል፤ ከዕድሜ ጋር የሚቀንሰውን ኦክስጅን የመጠቀም አቅም ለማቆየት ግን የዘወትር ግልቢያና የእግር ጉዞ እንጂ የአንድ ቀን በዓል አይበቃም።