የአንጀት አውታርና ማግኔት፦ የበገና ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ የተሻገረበት መንገድ

በገና ዐሥር አውታር ያለው፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚያልፍ፣ ከኢትዮጵያ የክር መሣሪያዎች ሁሉ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ የምስጋናና የንስሐ መሣሪያ ነው። ቤዝ ጊታር በዘመናዊ ባንድ ውስጥ የያዘውን ዝቅተኛ የድምፅ እርከን በመንፈሳዊው ዜማ የያዘው እርሱ ነው። ለጉባኤና ለቀረጻ ተብሎ በትእዛዝ የሚሠራ በገና ፒክአፕ (ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ዕቃ) ሲገጠምለት ምርጫው ከጊታሩ የሚለየው በአውታሩ የተነሣ ነው፤ አውታሩ ደግሞ የደጋው በግ ውጤት ነው።

ሰሜን ሸዋ ለዚህ ታሪክ ቅርብ አገር ነው። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በነገሡበት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ንጉሥ ዳዊት ባለብዙ አውታር በገና ይዞ በብራና መጻሕፍት ላይ ይሣል ነበር። ከአራት መቶ ዓመት በኋላ አንኮበር የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1813–1847 እ.ኤ.አ.) መናገሻ ስትሆን፣ በገና በመኳንንትና በካህናት ቤት የሚደረደር የተከበረ መሣሪያ ነበር። በዚሁ አገር የተወለዱት ዐፄ ምኒልክም በገና ይደረድሩ እንደነበር ይነገራል። መሣሪያው ግን የአደባባይ አልነበረም። በዐቢይ ጾም፣ በሌሊት፣ ደርዳሪው ለብቻው ወይም ለጥቂት ሰሚዎች ይደረድረዋል፤ ክፍሉ ጠባብ፣ ሰሚው ቅርብ ስለሆነ ድምፁን ማጉላት አላስፈለገም።

የቀድሞው አውታር የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው። መንዝና ተጉለት ከጥንት ጀምሮ የበግ አገር ናቸው፤ ባናና ዝተት የሚሠራው ከጠጉሩ፣ ለምድ የሚሠራው ከቆዳው ነው። ለአውታር የሚፈለገው አንጀት ገና በትኩሱ ተጠርጎ ይታጠባል፣ ስቡና ሥጋው እየተፋቀ ይወጣል፣ ከዚያም እርጥብ እንዳለ ተገምዶና ተወጥሮ ይደርቃል። ለቀጭኑ ድምፅ ጥቂት፣ ለወፍራሙ ብዙ ዘለላ ይገመዳል። አንጀት እርጥበት ይስባል፤ የአንኮበር ጉም ሲወርድና የደብረ ብርሃን ደረቅ ብርድ ሲነፍስ አንዱ አውታር እኩል ቅኝት አይጠብቅም። ደርዳሪው ከመጀመሩ በፊት መቃኛዎቹን እያጠበቀና እያላላ ረጅም ጊዜ የሚያጠፋው ለዚህ ነው።

የበገናን ድምፅ በገና የሚያደርገው ግን አውታሩ ብቻ አይደለም። አውታሮቹ በቆዳ በተለበጠው የድምፅ ሳጥን ላይ የተቀመጠውን በርኩማ (ድልድይ) ተሻግረው ሲያልፉ፣ በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል። አውታሩ ሲመታ በርኩማውን በስሱ እየነካ ይርገበገባል፤ እንደ ንብ መንጋ የሚያጉረመርመው ዝነኛው ድምፅ የሚወጣውም ከዚህ ነው። ደርዳሪው እንዚራውን በፀጉር ውፍረት ያህል ወደፊት ወይም ወደኋላ ሲገፋው የአውታሩ ድምፅ ይዘጋል ወይም ይከፈታል። ቤልጂየማዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ስቴፋኒ ቫይሰር በሰፊው ያጠናችው ይህንኑ ጉርምርምታ ነው፤ እንዚራው የመሠረቱን ድምፅ ሳይቀይር ከላዩ ያሉትን ረቂቅ ድምፆች ያበዛቸዋል። ስለዚህ ማንኛውም ማጉያ በመጀመሪያ መስማት ያለበት በርኩማውን ነው።

በገና ከጠባቡ ክፍል የወጣው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በማይክሮፎን በኩል ነው። ሬዲዮ በጾም ወራት ያሰማው ጀመር፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ደቀ መዝሙር የነበሩት መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ማስተማር ጀመሩ። በዚያው ዘመን አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ኪምበርሊን ድምፃቸውን ለዩኔስኮ የሙዚቃ ስብስብ ቀዳችው። በደርግ ዘመን ትምህርቱ ቢቋረጥም በኋላ በካሴት፣ በሰንበት ትምህርት ቤቶችና በመንፈሳዊ ማሠልጠኛዎች ተመልሶ አበበ። ሰሚው አዳራሽ ሙሉ ሲሆን አንድ ማይክሮፎን አልበቃ አለ፤ ወደ መሣሪያው ሲጠጋ የደርዳሪውን ጉሮሮም ይሰማል፣ ሲርቅ ደግሞ እንዚራው ይጠፋል።

በሌላው ዓለም የክር መሣሪያን ያጎላው ፒክአፕ የተጀመረው በማግኔት ነው። በማግኔት ዙሪያ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ፣ ከላዩ ያለው የብረት አውታር ሲርገበገብ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ በዚህ ይሠራል፤ በ1957 ፒክአፑ ለሁለት ተከፍሎ በተቃራኒ የተጠመጠመው ከመብራት ኃይሉ የሚገባውን ጉምጉምታ ለማጥፋት ነው። ጉምጉምታው በኢትዮጵያ 50 ኸርዝ ስለሆነ ልክ በቤዙ ድምፅ አካባቢ ይወድቃል፤ ተከፋዩ ፒክአፕ ለአዲስ አበባ መድረክ የተመቸው ለዚህ ነው። ጆቫኒ ሪኮ በአይቤክስ ባንድ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ ያሰማው ቤዝ የኢትዮጵያን ዘመናዊ ዘፈን መሠረት ካቆሙት ድምፆች አንዱ ነው። ክራርም በዚሁ መንገድ ሄደ፤ በባህል ባንዶች ውስጥ ሊድ ክራርና ቤዝ ክራር ተለያይተው፣ የብረት አውታር የተወጠረባቸው ክራሮች የጊታር ፒክአፕ ተገጠመላቸው።

በገናው ግን ከዚህ መንገድ ውጭ ነው። ማግኔት አንጀትንም፣ ዛሬ ብዙዎች በአንጀት ፈንታ የሚወጥሩትን ናይለንም ፈጽሞ አይሰማም። በብረት አውታር መለወጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ብረት ሲወጠር ከአንጀት እጅግ የበለጠ ኃይል ስለሚጎትት ቀንበሩን ያጎብጣል፣ ቆዳውንም ይጨቁናል፣ ድምፁም ክራር ክራር ይላል። ማግኔት አንጀትን የማይሰማበትን ችግር የቤዝ ሠሪዎችም አይተውታል። አምፔግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1960ዎቹ አጋማሽ ፒክአፑን ከአውታሩ ሥር ነቅሎ ከድልድዩ በታች ያደረገው የአንጀት አውታር የለመዱ የኮንትራባስ ተጫዋቾች እንዲቀበሉት ነበር። ለበገና የሚስማማው ሐሳብም ይኸው ነው፦ አውታሩን ትቶ በርኩማውን ማዳመጥ።

ይህን የሚሠራው ፒየዞ ነው። ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ የሚያወጣውን የማዕድን ጠባይ ፒየርና ዣክ ኪዩሪ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። ከሳንቲም የማይበልጠው ክብ ፒየዞ በበርኩማው እግር አጠገብ ሲለጠፍ የእንዚራውን ንዝረት በቀጥታ ይይዛል። በቆዳው መካከል ከተለጠፈ ግን ቆዳው ከድምፅ ማጉያው የሚመለሰውን ድምፅ መልሶ ስለሚወስድ ይጮኻል። ክብደቱ መቅለል አለበት፤ በርኩማ ላይ የሚጫን ማንኛውም ነገር ጉርምርምታውን ያፍነዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ ፒየዞን በቀጥታ ሚክሰር ላይ በመሰካት ነው። የሚክሰሩ መግቢያ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው (ኢምፒዳንሱ) ለእርሱ ዝቅተኛ ስለሆነ ወፍራሙን ድምፅ ይበላዋል፤ በገናው ያለ መሠረት የሚንጫጫ ይሆናል። የመግቢያው ተቃውሞ 1 ሜጋኦምና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሪአምፕ (ቅድመ ማጉያ) ከመካከል ሲገባ ግን ዝቅተኛዎቹ አውታሮች ይመለሳሉ። ለቀረጻ ከፒየዞው ጋር ከድምፅ ሳጥኑ ፊት አንድ ማይክሮፎን ጨምሮ ሁለቱን ማደባለቅ ይሻላል፤ ፒየዞው እንዚራውን፣ ማይክሮፎኑ የቆዳውንና የእንጨቱን አየር ይሰጣል።

ፒክአፕ ለመግጠም የተሻለው ጊዜ በገናው ሳይዘጋ በፊት ነው። ሠሪው ቆዳውን ከመለበጡ አስቀድሞ የገመዱን መውጫ በሳጥኑ ጎን ይበሳዋል፣ ሶኬቱንም ደርዳሪው በጉልበቱ ከሚያስደግፍበት ወገን ራቅ አድርጎ ያስገባዋል። ቆዳው ከደረቀ በኋላ ውስጡን መነካካት ውጥረቱን ያላላዋል፤ ውጥረቱ የላላ ቆዳ ደግሞ ምንም ዓይነት ፒክአፕ ቢገጠምለት ከበርኩማው የሚቀበለውን ንዝረት ያደክመዋል።