ቬስፓዋን ወደ የትኛው ዓመት እንመልሳት?

ቦሌ አራብሳ፣ የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር፣ ሸራ የለበሰች አንዲት ቬስፓ ቆማለች። የአያቴ ናት። ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ሲፈርስ ከዕቃው ሁሉ መጨረሻ የተጫነችው እሷ ናት፤ አይሱዙው ላይ ያወጧት ልጆች «ይቺን ብረት ምን ልታደርጓት ነው?» እያሉ ነበር የተሸከሟት። አሁን ደግሞ የብሎካችን ኮሚቴ «መተላለፊያ ዘግታለች» ብሎ እስከ ወሩ መጨረሻ እንድናነሳት ነግሮናል። እውነታቸውን ነው፤ ማታ መብራት ሲጠፋ ያልተደናቀፈባት ጎረቤት የለም።

ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሏል። ታናሽ ወንድሜ «አሳድሰን እንሽጣት» ይላል። ቦሌ ላይ ካፌ ሊከፍት ያሰበ ሰው አግኝቷል። ሰውየው የሚፈልጋት ቀይ ተቀብታ፣ ክሮሟ እያብረቀረቀ፣ ሞተሯ ወጥቶ ከመስታወት ኋላ እንድትቆምለት ነው። የሚሰጠው ገንዘብ ቀላል አይደለም፤ የቤቱን የባንክ ዕዳ ለተወሰኑ ወራት ይከፍላል። እናቴ በበኩሏ «አባዬ እንደተዋት ትቀመጥ፤ ማንም እንዳይነካት» ብላለች። እኔ መሃል ላይ ነኝ። ነገሩን ማጣራት ስጀምር የማንን ወገን እንደምይዝ አላውቅም ነበር።

«አንዲት አሮጌ ስኩተር ይኼን ያህል ምን ታከራክራለች?» የምትሉ ካላችሁ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ።

አሥራ አምስት ቀን

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአስመራ በኩል ካይሮ ገባ። ከዚያ ልክ በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 15፣ ጣሊያን አገር ፍሎረንስ ላይ ፒያጆ የተባለው ኩባንያ ለአዲስ ዓይነት ሞተር ሳይክል የፈጠራ መብት ማመልከቻ አስገባ። ያቺ ቬስፓ ናት። ሁለቱን ነገሮች ታሪክ አያገናኛቸውም። በእኛ ቤት ግን ተገናኝተዋል፤ አያቴ ዕድሜያቸውን የሠሩት በአንደኛው ነው፣ ሥራ የተመላለሱት ደግሞ በሌላኛዋ።

ንድፏን ያወጣው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ ከጦርነቱ በፊት ሄሊኮፕተር የሠራ ሰው ነው። ሞተር ሳይክል ግን አይወድም ነበር፤ ልብስ ያቆሽሻል፣ ጎማው ሲፈነዳ መፍታቱ መከራ ነው። ስለዚህ ሰንሰለቱን አስቀረ፤ ሞተሩን ከኋላ ጎማው ጎን ደብቆ በላሜራ ሸፈነው፤ ማርሹን ከእግር ወደ እጅ አመጣው። የፊት ጎማዋን እንደ አውሮፕላን ማረፊያ እግር በአንድ ወገን ብቻ አስያዘው፤ እንደ መኪና ጎማ ቶሎ ተፈትቶ ይወጣል። አካሏም በቱቦ አጽም ላይ የተለበጠ አይደለም፤ እንደ አውሮፕላን ገላ ላሜራው ራሱ ነው አጽሙ። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

«ቬስፓ» በጣሊያንኛ ተርብ ማለት ነው። ወገቧ ቀጠን፣ ኋላዋ ወፈር ያለ፣ ድምጿ የሚነዝር፤ ስሙ ይገባታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ኩባንያ ባለ ሦስት እግር እህት አወጣላትና «አፔ» አላት፤ ንብ ማለት ነው። ሕንድ ውስጥ ባጃጅ የተባለው ድርጅት ከፒያጆ ፈቃድ አግኝቶ ስኩተር ሲያመርት ቆይቷል። ዛሬ አራብሳ ላይ ከታክሲ ወርደን የምንሳፈርባት ባጃጅ እንግዲህ የዚህችው ተርብ የእህት ልጅ ናት ማለት ይቻላል።

ይኼን ስጽፍ የሚቆረቁረኝ ነገር ግን አለ። ፒያጆ ወደ ስኩተር የዞረው ጦርነቱ ፋብሪካውን ስላወደመበት ነው። ከዚያ በፊት ለፋሺስት ጣሊያን አየር ኃይል አውሮፕላንና የአውሮፕላን ሞተር ይሠራ ነበር። ያ አየር ኃይል ከሰማይ የመርዝ ጋዝ ያዘነበው በእኛ ሰው ላይ ነው። ታዲያ በወረራው ዘመን ልጅ የነበሩት አያቴ ይቺን ብረት እንዴት ወደዷት?

መልሱ የሰፈራችን ስም ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራ «ኢንቺስ» የሚባል ተቋም ነበራቸው። ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ እኛ «ካዛንቺስ» አልነው። ወደ ምሥራቅ ወጣ ስትሉ ደግሞ ሲኤምሲ አለ፤ በደርግ ጊዜ እዚያ ቤቶች የሠራው የጣሊያን ኩባንያ ስም ነው። የትኛውም ጋራዥ ግቡና ጆሯችሁን ጣል አድርጉ፦ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ሳልባትዮ፣ ፍሬቻ፣ ካቻቢቴ። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የጠላት ቃል ነው ብሎ የጣላቸው የለም፤ በትክክል እንጥራቸው ብሎ ያረማቸውም የለም። በአፋችን ተፈግፍገው፣ ጫፋቸው ተሸራርፎ፣ የእኛ ሆኑ። አያቴ ቬስፓዋን ያደረጓትም እንደዚሁ ነው።

የሳንቲም ታህል መስኮት

አያቴ የአውሮፕላን ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። መጀመሪያ የሚሠሩት ልደታ፣ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ያ ማረፊያ ለጄት አይበቃም፤ ቦይንግ 720 ጄቶች በ1955 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምሩ ሥራው ወደ ቦሌ ዞረ። ቬስፓዋን የገዟት ከዚያ በኋላ ነው፤ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ፣ በሁለተኛ እጅ። እናቴ እንደምትለው ያኔ ከካዛንቺስ ቦሌ መሄድ ከከተማ መውጣት ነበር። ቪላዎች አልፎ አልፎ ብቅ ብቅ ብለዋል እንጂ ቀሪው ሜዳ ነው። «ጠዋት ድምጿ እስኪርቅ ተኝተን እንሰማ ነበር» ትላለች።

ወንድሜና እኔ ቬስፓዋን ጭነን ገርጂ ወዳሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ ወሰድናት። ዛሬ የሚሠሩት ባጃጅ ነው፤ ወጣት ሳሉ ግን ቬስፓ ፈተው ገጥመዋል። ሸራውን ገልጠው ዝም ብለው ዞሯት።

«ጋሼ፣ ገፈው ቀይ ይቀቡልናል?» አለ ወንድሜ።

«ቆይ እስቲ ልጄ፣ መጀመሪያ ስትመጣ ምን እንደነበረች እንየው» አሉት።

ብርጭቆ ወረቀት ውሃ ነክረው የኋላ ሽፋኗ ጎን ላይ የሳንቲም ታህል ቦታ ቀስ አድርገው ፈገፈጉ። ቀለሙ እንደ ግንድ ቀለበት ተራ በተራ ወጣ፦ ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ቀይ፣ ቀጥሎ ነጭ ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር ሰማያዊ፣ ከሁሉም በታች ፈዘዝ ያለ ግራጫ።

«እንግዲህ ልጆቼ፣» አሉ ወገባቸውን ይዘው እየተነሱ፣ «ወደ የትኛው ልመልሳት?»

ፎቶ አንስቼ ለእናቴ በቴሌግራም ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። ግራጫው ስትገዛ የነበረው ነው። ሰማያዊውን አያቴ ያስቀቡት እናቴ በተወለደች ዓመት ነው። ስቱኮው የአጎቴ ቁስል ነው፤ መንዳት ሲለማመድ ኡራኤል አካባቢ ቦይ ውስጥ ይዟት ገባ፤ ቀዩ ያንን ለመሸፈን የተቀባ ነው። አረንጓዴው ግን… እዚህ ላይ ድምጿ ቀጠነ። አያቴ ጡረታ የወጡ ሰሞን የግቢውን በር ቀለም ቀቡ፤ የተረፈውን ቬስፓዋ ላይ ደፉት። በብሩሽ። «አታበላሻት ብለን ለመንነው፤ እምቢ አለ። ጠጋ ብለህ እየው፣ የብሩሹ መስመር አለ።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። አለ።

ወንድሜ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ፎቶውን ሲያየው ቆየ። የግቢያችን በር ዛሬ የለም። ቤቱም የለም፣ መንገዱም ተቀይሯል። ከበሩ የቀረው ይኼ አስቀያሚ አረንጓዴ ብቻ ነው። ማንም ባለሙያ ቬስፓዋን አድስ ቢባል መጀመሪያ የሚገፈው ደግሞ እሱን ነው።

የጎንደር ሲሚንቶ

ማደስና ጠብቆ ማቆየት አንድ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ልዩነቱን ለማየት ጎንደር እንሂድ። ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ የፋሲል ግቢን አንዳንድ ክፍሎች «ጠገኑ»፤ ነገር ግን በሲሚንቶ ነበር። ግንቡ በኖራ የተሠራ ነው፤ ኖራ ይተነፍሳል፣ እርጥበት ያሳልፋል። ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል። በኋላ የመጡ ጠጋኞች ያንን ሥራ እያረሙ በኖራ መተካት ነበረባቸው። በቅን ልብም ይሁን በሌላ፣ አዲስ ለማስመሰል የተደረገ ነገር አሮጌውን ሊጎዳው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ቬኒስ ላይ የተሰበሰቡ የቅርስ ባለሙያዎች ያወጡት ሰነድ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛው፣ እድሳት ግምት የሚጀምርበት ቦታ ሲደርስ መቆም አለበት። ሁለተኛው፣ በአንድ ሕንፃ ላይ እያንዳንዱ ዘመን የጨመረው ነገር ይከበር፤ አንድ ዓመት ብቻ መርጦ ሌላውን መፋቅ የእድሳት ግብ አይደለም። የአሮጌ ተሽከርካሪ ወዳጆች ዓለም አቀፍ ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ይኼንኑ መንፈስ ለመኪናና ለሞተር አምጥቶ የቱሪን ቻርተርን አጸደቀ። በእኛም አገር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ፣ በቅርስ ላይ ጥገና ከመደረጉ በፊት ከሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል። የአያቴን ቬስፓ ግን ማንም በቅርስነት አልመዘገባትም። ፈቃድ ሰጪዎቹም ከልካዮቹም እኛው ነን። ለዚህ ነው የከበደን።

የእናቴ ሐሳብም ቢሆን ሙሉ ለሙሉ አያስኬድም። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ፤ ቬስፓ አጽም የላትም፣ ላሜራው ነው አጽሟ። ስለዚህ ሌላ ሞተር ላይ የቆዳ በሽታ የሚሆነው ዝገት እሷ ላይ የአጥንት በሽታ ነው። መካኒኩ የእግር መርገጫዋን ከሥር በካቻቢቴ ጫፍ ሲነኩት አንድ ቦታ ላይ ገባ። «ልጄ፣ ዝገት ትዝታ አይደለም። ሥራ ላይ ነው፤ አሁን እያወራን እንኳ ይበላል» አሉ። ሳይነኩ ማስቀመጥ ለዝገቱ መልቀቅ ነው።

የወንድሜ ጓደኛ ሦስተኛ መንገድ አምጥቶ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል፣ ጊዜው የኤሌክትሪክ ነው፤ «ሞተሯን አውጥታችሁ ባትሪ ግጠሙላት» አለ። እንዳልስቅበት ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ላሜራዋ ካልተቆረጠና የድሮው ሞተር ከተቀመጠ ነገ ተመልሶ ሊገጠም ይችላል። ቀለሟ ግን አንዴ ከተገፈፈ የትም አገር፣ በምንም ገንዘብ አይመለስም። ያኔ ነው መለኪያው የታየኝ። ጥያቄው «አዲስ ትምሰል ወይስ አሮጌ?» አይደለም፤ «ዛሬ የምናደርገውን ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሰው ሊመልሰው ይችላል ወይ?» ነው።

የወሰንነው

የተበላው የእግር መርገጫ ከሥር በላሜራ ይበየዳል፤ ለሕይወቷ ነው። የፍሬን ሸራ፣ ገመዶችና ጎማዎች አዲስ ይሆናሉ፤ የስድሳ ዓመት ፍሬን ቅርስ ሳይሆን ወንጀል ነው። የሚወጣው ዕቃ ሁሉ ስሙ ተጽፎበት በካርቶን ይቀመጣል። ውስጧ ፀረ ዝገት ዘይት ይጠጣል። አረንጓዴው ይታጠባል፣ ሰም ይቀባል፣ ሌላ ምንም አይነካውም። የሳንቲሟ መስኮት ክፍት ትቀራለች።

ይኼ ውሳኔ ዋጋ አለው፤ በነጻ የተገኘ አድርጌ ልነግራችሁ አልፈልግም። የካፌው ሰውዬ «በዚህ መልኳማ አልፈልጋትም» ብሎ ሄዷል። የባንኩ ዕዳ እንዳለ ነው። ወንድሜ ተስማምቷል እንጂ ደስ ብሎታል አልልም፤ ልክ ነው ወይ ብትሉኝ ግማሽ ልክ ነው። በነፃነት የምንነዳትም አይደለችም። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ሞተር ሳይክልን ከጥቂት የሥራ ዘርፎች በስተቀር ካገደች ወዲህ፣ እንደ አያቴ ዘመን ደስ ሲል አስነስቶ ቦሌ መንገድ መውጣት የለም። ለጊዜው የምትቀመጠው እዚያው ገርጂ፣ መካኒኩ ጋራዥ ጥግ ነው፤ ልጆቹ የድሮ ሞተር ይማሩባታል፣ እኛ ደግሞ በየወሩ እየመጣን እናስነሳታለን።

ባለፈው ቅዳሜ መካኒኩ ቤንዚኑን ከዘይት ጋር ቀላቅለው ሞሉና ለወንድሜ «በል ምታት» አሉት። በስድስተኛው ተነሳች፤ ግቢው በጭስ ተሞላ። እናቴ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር። ከዚያ ነጠላውን አወረደችው።

እናንተም ቤት ሸራ የለበሰ ነገር ካለ፣ ሬዲዮም ይሁን የልብስ ስፌት ሲንጀር፣ ብርጭቆ ወረቀት ከማንሳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። ከዚያ ለታላላቆቻችሁ ደውሉና ቀለሙን ማን እንደቀባው ጠይቁ። የሚያውቁት ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ።