ያልተሸነፈው፣ ያልተጋበዘው ቡድን
የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ የ1951 የጨዋታ ዘመን

በአሜሪካ ኮሌጆች «ፉትቦል» የሚባለው ጨዋታ በኢትዮጵያ ከሚታወቀው የእግር ኳስ ፈጽሞ የተለየ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ የሾሉ ሞላላ ኳስ በእጅ እየተያዘና እየተወረወረ፣ አሥራ አንድ ሰዎች ከሌሎች አሥራ አንድ ሰዎች ጋራ በትከሻና በደረት እየተጋጩ መሬት የሚቀማሙበት ጨዋታ ነው። በሃያኛው ምእት ዓመት እኩሌታ ይህ ጨዋታ ለኮሌጆች ክብርን ብቻ ሳይሆን ገንዘብንም ያመጣ ነበር። በተለይም የጨዋታው ዘመን ከተፈጸመ በኋላ፣ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ሰሞን፣ «ቦል» ተብለው በሚጠሩት ታላላቅ ግጥሚያዎች ለመሰለፍ የተጋበዘ ቡድን ከገቢው ድርሻ ይሰጠው ስለ ነበር፣ ግብዣው በእጅጉ ይናፈቅ ነበር። እዚህ የሚነገረው ዘጠኝ ጊዜ ተጫውቶ ዘጠኝ ጊዜ ካሸነፈ በኋላ ይህ ግብዣ የቀረበት ቡድን ታሪክ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ በ1855 በኢየሱሳውያን ካህናት የተመሠረተ ነው፤ የአዲስ አበባን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ያቋቋሙትም የዚሁ ማኅበር የካናዳ አባቶች ነበሩ። የኳስ ቡድኑን ከ1948 ጀምሮ ያሠለጥን የነበረው ጆ ኩሃሪክ ሲሆን፣ የቡድኑን ወሬ ለጋዜጦች የሚያቀብለው ፒት ሮዜል የሚባል ወጣት ነበር። ኩሃሪክ ጥብቅ ሰው ነበርና ተጫዋቾቹን ኮርኒንግ ወደምትባል የሰሜን ካሊፎርኒያ ከተማ ወስዶ በበጋው ሐሩር ያደክማቸው ነበር። ከነዚህም መካከል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ የተዋጋው ጂኖ ማርቼቲና በቁመቱ ከሰው ሁሉ በላይ የሚታየው ቦብ ሴንት ክሌር ይገኙ ነበር።

ከቡድኑ ውስጥ ጥቁሮች ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛው ኦሊ ማትሰን በቴክሳስ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የመጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው በርል ቶለር የቴኔሲው የሜምፊስ ከተማ ተወላጅ ነበር። ሁለቱም ትውልዳቸው ነጭና ጥቁር በሕግ ተለይቶ ይኖርበት ከነበረው ክፍል ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲው ከመግባታቸው በፊት በሳን ፍራንሲስኮ ሲቲ ኮሌጅ አብረው ተጫውተዋል።

በ1951 ቡድኑ ሳን ሆዜ ስቴትን ሁለት ጊዜ፣ አይዳሆንና ሌሎችንም በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። የጭንቁ ጨዋታ በኦክቶበር ወር በኒው ዮርክ ከፎርድሃም ጋራ የተደረገው ነበር። ማትሰን ከተቃራኒው ወገን የተመታውን ኳስ ሁለት ጊዜ እየተቀበለ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሊሞላ ጥቂት በቀረው ሩጫ ነጥብ አስገብቶ፣ ቡድኑ 32 ለ26 አሸንፎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሳንታ ክላራ 26 ለ7፣ ኮሌጅ ኦቭ ዘ ፓሲፊክ 47 ለ14 ተሸነፉ። የመጨረሻው ጨዋታ በፓሳዴና ከተማ፣ ሮዝ ቦል በሚባለው ሰፊ ስታዲየም ተደርጎ ሎዮላ 20 ለ2 ተረታ። ማትሰን በዚያ ዓመት ኳስ ይዞ 1,566 ያርድ በመሮጥ ከአገሩ የኮሌጅ ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ ሆነ። ሆኖም የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች በሚመረጥበት በሃይዝማን ሽልማት ያገኘው ዘጠነኛነትን ነው፤ ይህም ራሱ የሚያስገርም ነገር ነው።

ግብዣው ግን አልመጣም። ይነገር የነበረው ምክንያት ቡድኑ የገጠማቸው ተቃራኒዎች ደካሞች ናቸው የሚል ነው። ይህ ነገር ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ከዘጠኙ ጨዋታዎች ሁለቱ የተደረጉት ከወታደሮች ሰፈር ቡድኖች ጋራ ነበርና። ተጫዋቾቹ በኋላ የመሰከሩት ግን ሌላ ነው። እንደ ቃላቸው ከሆነ፣ ማትሰንና ቶለር ከቀሩ ቡድኑ በደቡብ ከሚደረጉት ግጥሚያዎች በአንዱ ሊሰለፍ እንደሚችል ተነግሯቸው ነበር። ነጮቹም ያለ ሁለቱ አንሄድም አሉ፤ ለዚህም ብዙ ክርክር አላስፈለገም። በማያሚ በተደረገው ኦሬንጅ ቦል ጆርጂያ ቴክና ቤይለር ተጋጠሙ።

ይህ ሁኔታ የአንድ ግጥሚያ አዘጋጆች ክፋት ብቻ ተደርጎ ቢታይ ነገሩ በሚገባ አይታወቅም። የሰሜን ኮሌጅ ከደቡብ ኮሌጅ ጋራ ሲገጥም ጥቁር ተጫዋቹን ማስቀመጡ ለብዙ ዘመን የቈየ ልማድ ነበር። ያልተጻፈውን ይህን ደንብ «የጨዋዎች ስምምነት» ይሉት ነበር፤ ስሙ ከግብሩ እጅግ የራቀ ነው። የልማዱ ብርታትም ማንም ሰው ሳያዝዘው ይፈጸም በነበረበት ላይ ነው፤ በደቡብ ያለው ጋባዥ ይጠይቃል፣ በሰሜን ያለው አሠልጣኝ እሺ ይላል፣ የተጐዳው ልጅ ብቻ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይቀራል። አልፎ አልፎ የጣሱት ነበሩ። ፔን ስቴት በ1946 ከማያሚ ጋራ ሊያደርገው የነበረውን ጨዋታ ሰረዘ፤ በ1948 ደግሞ ሁለት ጥቁር ተጫዋቾች ይዞ በዳላስ ኮተን ቦል ላይ ተሰለፈ፤ በከተማው ሆቴሎች ማደሪያ ስለማይገኝ ግን ቡድኑ በባሕር ኃይል አየር ጣቢያ ዐደረ። በዚያው በ1951፣ በኦክቶበር 20 ቀን፣ ጆኒ ብራይት የተባለው የድሬክ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተጫዋች ኦክላሆማ ውስጥ ኳሱ እጁ ላይ ሳይኖር ተመትቶ መንጋጋው ተሰበረ። ድርጊቱን ያሳዩት ፎቶግራፎች በ1952 የፑሊትዘርን ሽልማት አገኙ። ከዚህም በኋላ የሉዊዚያና መንግሥት በ1956 ነጭና ጥቁር አብረው እንዳይጫወቱ ሕግ አወጣ፤ ሕጉ የፈረሰው በፍርድ ቤት ነው።

የዩኒቨርሲቲው ቡድን ኪሳራ ነበረበትና የጨዋታው ዘመን ካለቀ ብዙም ሳይቈይ ፈረሰ። የግብዣው ገንዘብ ቢገኝ ኖሮ ቡድኑ ይተርፍ ነበር የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን በካሊፎርኒያ የነበሩት ሌሎቹ የካቶሊክ ኮሌጆች፣ ሴንት ሜሪስ በ1950፣ ሎዮላ በዚያው በ1951፣ ሳንታ ክላራ በ1952 ቡድኖቻቸውን ስለ በተኑ፣ ገንዘቡ መፍረሱን ያዘገየው ነበር እንጂ ያስቀረው ነበር ለማለት ያስቸግራል።

ተጫዋቾቹ ተበተኑ። ማትሰን በ1952 በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በ400 ሜትር የነሐስ፣ በዱላ ቅብብል የብር ሜዳይ ካገኘ በኋላ ወደ ደመወዝተኞቹ ፉትቦል ገባ፤ ማርቼቲና ሴንት ክሌርም እንደ እርሱ በዚያው ዓለም ስመ ጥር ሆኑ። በ1959 የሎስ አንጀለስ ራምስ ማትሰንን ለመውሰድ ዘጠኝ ሰዎች በለውጥ ሰጠ፤ ይህን ያደረገው የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ የቀድሞው የወሬ አቀባይ ሮዜል ነበር። እርሱም በ1960 የደመወዝተኞቹ ማኅበር የበላይ አዛዥ ሆነ።

ቶለር በ1952 ጕልበቱን ተጐድቶ ደመወዝተኛ ሳይሆን ቀረ። በሳን ፍራንሲስኮ መምህር፣ ቈይቶም የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆነ። በ1965 በዚያው ማኅበር የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ተብሎ ሃያ አምስት የጨዋታ ዘመን ዳኘ። በ1980 ለታላቁ ፍጻሜ፣ ለሱፐር ቦል፣ ዳኛ ሆኖ ሲመረጥ ጨዋታው የተደረገው በፓሳዴና በሮዝ ቦል ስታዲየም፣ በ1951 ከሎዮላ ጋራ የመጨረሻውን ጨዋታ በተጫወተበት ሜዳ ላይ ነበር።