ከዕዳና ከእገዳ ነፃ

አዲስ አበባ ላይ ቤት የሚገዛ ሰው ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ሳያጣራ ብር አይቆጥርም። የዶሜይን (የድረ ገጽ ስም) ገበያ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ ቤት ኖሮት አያውቅም። የቀድሞ ባለቤቱ ሳያድሰው የቀረ ስም ከፍለጋ ውጤት ዝቅ የሚያደርግ የጉግል ቅጣት ይኑርበት አይኑርበት፣ ገዢው ከመክፈሉ በፊት አረጋግጦ የሚነግረው የለም። ድረ ገጽ እየሠራሁ የማድር ሰው ነኝና ይህን ምርመራ ከሥራዬ ጋር አብሬ ተማርኩት። ታሪኩ በአመዛኙ የሻጭና የገዢ ድብብቆሽ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንደምጽፍ አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

መጀመሪያ ላይ ስም ዋጋ አልነበረውም። በዶት ኮም የሚያልቀውን የመጀመሪያ ስም ሲምቦሊክስ የተባለ የአሜሪካ ኮምፒውተር አምራች ማርች 15 ቀን 1985 አስመዘገበ፤ ከዚያም በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ምዝገባው በነፃ ነበር። በ1995 መዝጋቢው ኔትወርክ ሶሉሽንስ ለሁለት ዓመት 100 ዶላር ማስከፈል ጀመረ። ክፍያ ሲመጣ አለመክፈልም መጣ፤ ጊዜው ያለፈበት ስም የሚባለው ነገር የተወለደው ያኔ ነው።

የተተወ ስም በተለይ የተፈለገው ግን በጉግል ምክንያት ነው። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በ1998 ያስተዋወቁት ፔጅራንክ አንድን ገጽ የሚመዝነው ሌሎች ገጾች ወደ እሱ በዘረጉት ሊንክ ነበር። ባለቤቱ ስሙን ቢተወውም ሌሎች የዘረጉት ሊንክ በቦታው ይቆያል፤ ስሙን ያነሣ ሰው ሊንኩንም አብሮ ያነሣል። በ2000 መጨረሻ ጉግል ቱልባር ሲወጣ ይህ ክብደት ከ0 እስከ 10 በምትለካ አረንጓዴ መስመር ለማንም ይታይ ጀመር። ነጋዴ የሚፈልገውም ይህንኑ ነበር፦ በቁጥር የሚነገር ዋጋ። ማጭበርበሩ ተከትሎ መጣ። ሻጩ ስሙን ወደ አንድ ትልቅ ድረ ገጽ ያዞረው ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ የትልቁ ድረ ገጽ ቁጥር በሻጩ ስም ላይ ይታይ ነበር። የነቃ ገዢ ደግሞ የጉግል መፈለጊያ ላይ «ኢንፎ» ብሎ ሁለት ነጥብ ያደርግና ስሙን ይጽፍ ነበር። የሌላ ሰው ገጽ ብቅ ካለ ቁጥሩ የውሸት ነበር። ከሙያው ብልሃቶች ሁሉ ይህችን አሁንም እወዳታለሁ፤ አንዲት ቃል ስንቱን ሻጭ ታጋልጥ ነበር!

ቁጥሩ ሲወርድስ ለማን አቤት ይባላል? ሰርች ኪንግ የተባለ የኦክላሆማ ድርጅት፣ ከፍ ያለ ፔጅራንክ ባላቸው ገጾች ላይ የማስታወቂያ ቦታ የሚያሻሽጥ ደላላ ነበር። በ2002 የራሱ ፔጅራንክ ከ8 ወደ 4 ሲወርድበት ጉግልን ከሰሰ። የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2003 ክሱን ውድቅ አደረገው፤ ፔጅራንክ የጉግል አስተያየት ነው፣ አስተያየትን መግለጽ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ነው አለ። ለገዢው ነገሩ የከፋው እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ቅጣቱ አስተያየት ከሆነ ጉግል ለማንም ማብራሪያ የመስጠት ግዴታ የለበትም፤ ገዢውም ምልክት እየለቀመ ከመገመት ሌላ መንገድ የለውም።

ዋናው የምልክት ጎተራ በ2001 ለሕዝብ የተከፈተው የኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን ነው፤ የስሙን የድሮ ገጾች ዓመት በዓመት ያሳያል። እኔ ከገጾቹ በፊት ክፍተቱን አያለሁ። የጥርስ ሐኪም ገጽ የነበረ ስም ለጥቂት ጊዜ ባዶ ሆኖ ቆይቶ፣ ድንገት በሌላ ቋንቋ ጫማ ሲሸጥ ከተገኘ በመካከሉ ሌላ እጅ ገብቶበታል። ለብዙ ዓመት ባለቤቱ ሮቦትስ በምትባለው ፋይል ውስጥ አንድ ሁለት መስመር ጽፎ ያለፈውን ሁሉ ከዌይባክ መጋረድ ይችል ነበር፤ የተጋረደ ስም ሲያጋጥመኝ ጥርጣሬዬ ይብስ ነበር። ከዚያ ሊንኮቹ የተጻፉባቸው ቃላት አሉ። ወደ አንድ ትምህርት ቤት ስም የሚያመጡት ሊንኮች «ካዚኖ» እና «ቪያግራ» የሚሉ ከሆነ እኔ ሌላ ማስረጃ አልጠይቅም።

ኤፕሪል 24 ቀን 2012 ጉግል ፔንግዊን የተባለውን ለውጥ ሲለቅ በገንዘብ የተሰበሰበ ሊንክ ሀብት መሆኑ ቀርቶ ሸክም ሆነ። በ2013 ደግሞ ጉግል በሠራተኞቹ እጅ የጣለውን ቅጣት፣ ዛሬ ሰርች ኮንሶል በሚባለው መሣሪያ ውስጥ ማሳየት ጀመረ። የሚያሳየው ግን ለባለቤቱና ባለቤቱ ለፈቀደለት ብቻ ነው! ካልተፈቀደለት ገዢው ገብቶ የሚያየው ከገዛ በኋላ ነው። ያም ሆኖ አዲሱ ባለቤት ያጠፋው ሌላ መሆኑን ገልጾ እንደገና እንዲታይለት ማመልከት ይችላል። በማሽኑ ስሌት የወረደ ስም ግን እዚያም አይጻፍ፣ አቤቱታም የለው። አረንጓዴው መስመር በ2016 ቀረ። በ2018 የአውሮፓ የግል መረጃ ሕግ ሲጸና ደግሞ ስሙ የማን እንደሆነ ከሚናገረው ከሁዊዝ መዝገብ ላይ የባለቤቶች ስም ተሸፈነ።

የእኛ ሰዎች እዚህ ጣጣ ውስጥ የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ በመርሳት ነው። የማኅበሩ ስም በአንድ አባል ካርድ ይከፈላል፤ ሰውየው አገር ይቀይራል፤ ማሳሰቢያው ማንም በማይከፍተው ኢሜይል ይጠራቀማል። ዶት ኮምና ዶት ኦርግ ከተሰረዙ በኋላም የ30 ቀን ማስመለሻ ጊዜ አላቸው። ከዚያ 5 ቀን ቆይቶ ስሙ ይለቀቃል፤ አድፍጠው የሚጠብቁ ማሽኖችም ወዲያው ይነጥቁታል። በዚህ መንገድ ተነጥቆ፣ ቁማር ሲተዋወቅበት ከርሞ የተመለሰ የአንድ ዕድር ስም እንድመረምር ተጠርቼ ነበር። ሊቀመንበሩ «ልጄ፣ ስሙ የራሳችን አይደለም እንዴ? በሌላ ሰው ጥፋት እንዴት እንቀጣለን?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ጉግል የያዘው ስሙን እንጂ ሰውየውን አይደለም» አልኳቸው። አልተዋጠላቸውም፤ እኔም አልፈርድባቸውም።

የታወቀ ስምም ከእንዲህ ያለ ዕጣ አያመልጥም፤ በ2018 የተዘጋው «ዘ ሄርፒን» የተባለ የሴቶች ድረ ገጽ፣ ስሙን ሌላ ሰው ገዝቶት በ2024 መጀመሪያ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተፈበረከ ጽሑፍ ሞልቶበት ተገኘ። በማርች 2024 ጉግል አሮጌ ስምን ለቀድሞ ዝናው ብቻ ገዝቶ በማይረባ ጽሑፍ መሙላትን ራሱን የቻለ ጥፋት አድርጎ በደንቡ አሰፈረ። ስለዚህ ንጹሕ ስም ያገኘም ሰው ነገ በራሱ ሥራ ሊቀጣ ይችላል። ደንቡ በጣም ዘግይቷል ባይ ነኝ።

አሮጌ ስም ልትገዙ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ሰርች ኮንሶሉን እንድታዩ ፈቃድ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ፎቶ አንሥቶ የሚልክላችሁን አትቀበሉ። እምቢ ካለ ስሙን ተዉለት። ማንም ያልነካው አዲስ የዶት ኮም ስም በዓመት ከ20 ዶላር ባነሰ ይመዘገባል።