ኮሶዋ ሥር

እንግዲህ ስሙኝ። ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና ያለፈ ሰው አረቅጥን በመኪና መስኮት አይቷት ይሆናል፤ ሐይቋን፣ ጭጋጓን፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ሰዋን። የጉመር ደጋ ነው፣ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። እኔ ያደግሁት እዚያ ከተማ ውስጥ ነው። ከተማ ስላችሁ አትሳቁ! ለአዲስ አበባ ሰው ገጠር ናት። ለእኛ ግን ቪዲዮ ቤት፣ ልብስ ሰፊና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያላት፣ ሱሪ የለበሰች ልጅ ዞሮ የሚያያት እንጂ የሚያስቆማት የሌለባት ዓለም ነበረች።

የአያቴ ቤት በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል። እዚያ ያለው ጀፎረ ነው። ለማታውቁት፦ መንደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያቋርጥ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ ጎዳና። ግራና ቀኙ ክብ የሣር ቤት፣ ከየቤቱ ጀርባ እንሰት። ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ ሽምግልናውም እዚያው ላይ ነው። ጀፎረ ገፍቶ አጥር ያጠረ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል። ታዲያ ስፋቱ መሸሸጊያ የለውም። ሲያቋርጡት ሃያ ቤት ያያል፤ ሃያውንም ሰላም ማለት ነው። አንዱን የዘለለች ልጅ ወሬዋ ከእሷ ቀድሞ እናቷ ዘንድ ይደርሳል። ያኔ ሞባይል አልነበረም፤ ግን ይደርሳል።

በከተማዋና በጀፎረው መሃል አንዲት የኮሶ ዛፍ ነበረች። እኛ የከተማዎቹ ቅዳሜ ስንወርድ እሷ ሥር ቆመን ሱሪያችንን እስከ ጉልበት እንጠቀልልና ከላዩ ረጅም ቀሚስ እናጠልቃለን። የሚገርመው ሰኞ ጠዋት ነው። የገጠሮቹ ልጆች የሳምንት ቆጯቸውን በኮባ ጠቅልለው፣ ከተማ ወደ ተከራዩት ክፍል ሲወጡ፣ እዚያችው ዛፍ ሥር ቆመው ቀሚሱን ያወልቁታል። ኮሶዋ አፍ ቢኖራት ስንቱን ታዋርድ ነበር!

እኔ መቼም አዲስ ነገር ሁሉ ከከተማ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። አዲሱ የቤተሰብ ሕግ በፌዴራል ደረጃ በ1992 ወጣ፤ የያኔው ክልላችንም በ1996 የራሱን አወጣ። አስተማሪያችን ጋብቻ ከ18 ዓመት በታች እንደማይፈቀድ፣ ሴትም ፍቺ መጠየቅ እንደምትችል ነገረን። ይህን ይዤ አያቴ ዘንድ በረርሁ። ጓሮ ተቀምጣ እንሰት ትፍቃለች፤ ቀዝቃዛው የእንሰት ውሃ በቀሚሷ ጫፍ ይወርዳል። እየተጣደፍሁ ነገርኋት። እጇን ሳታቆም፦

«ወርድወት አላለችውም?» አለች።

የቃቄ ወርድወትን ማለቷ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የኖረች የጉራጌ ሴት። ያኔ ባል ሲሻው ይፈታ፣ ሲሻው ይደርብ ነበር፤ ሚስት ልሂድ ካለች ግን አንቂት የሚባለው እርግማን ሌላ እንዳታገባ ይይዛት ነበር። ወርድወት ሴቶች አስከትላ ዬጆካ ሄደች፤ የሰባት ቤት ጉራጌ የበላይ ሸንጎ ነው፣ ቅጫ የሚባለው ሕግ የሚመከርበት። የሽማግሌ ጉባኤ ፊት ቆማ ሞገተች። እኔ ስሟን የሰማሁት ከአያቴ ነው። ታሪኳ ተውኔት ሆኖ አዲስ አበባ በብሔራዊ ቴአትር ታይቷል ሲሉኝ እንኳ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያ የእንሰት መፋቂያ ድምፅ ነው።

«ከተማ የት ነበር ያኔ?» አለች አያቴ። «ከጀፎረ ነው የሄደችው።»

መልስ አጣሁ። የመኪናው መንገድስ ቢሆን? በ1954 የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት ሲቋቋም፣ ከመርካቶ ነጋዴም ከአገር ቤት ገበሬም ብር ተዋጥቶ ነው። አያቴ የእሷን ድርሻ ቅቤ ሸጣ ነው የከፈለችው። ብሩን ማን ተቀበለሽ ብላት፣ «የጀፎረ ሽማግሌ ነዋ» አለችኝ፣ የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኋት።

ልሄድ ስነሳ ዓይኗን ቀሚሴ ጫፍ ላይ ተከለች። ለካ የግራ እግሬ ሱሪ ተተርትሮ ወርዷል፤ ጭቃ ነክሶ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ተንጠልጥሏል። ክው አልሁ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሱሪ።»

ዝም አለች። በእርጥብ እጇ ጨርቁን ያዝ አድርጋ አሸችው፤ ገለበጠችና ውስጡንም አየች።

«ይሞቃል?»

«በጣም።»

ጀፎረውን ግራና ቀኝ ቃኘች። ማንም አልነበረም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ «ሰፋ ያለ ካለ አንድ አምጪልኝ። ፍቂያ ላይ ብርዱ ጉልበቴን ይገድለኛል» አለች።

ለመስቀል ጥቁር ሱሪ ወስጄላት ከቀሚሷ ሥር ለበሰች። እኔና እሷ ብቻ ነን የምናውቀው፤ አሁን ደግሞ እናንተ።